ስብሰባው ለምን ሰኔ ላይ ይጠራል?

በትንሽ ከተማ ፕላን መጀመሪያ የሚታየው በችካል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ቀያሾች ሦስት እግር ያለውን መሣሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከዚያ የሆነ ሰው ጓሮ ውስጥ፣ እንሰቱ መሀል፣ አናቱ ቀይ የተቀባ እንጨት ይተከላል። ባለቤቱ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ሲል "መንገድ ነው" ይሉታል። "መቼ የሚሠራ?" "ገና ነው፣ የአሥር ዓመት ፕላን ነው።" ሰውየው ከዚያች ቀን ጀምሮ ቆርቆሮ አይቀይርም፣ ግድግዳ አያስመርግም። ወይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርግና ካሳው ከፍ ይልልኛል ብሎ በሳምንት ውስጥ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ያቆማል። ሁለቱንም ዓይነት ሰው በቅርብ አውቃለሁ። ሁለቱም በበኩላቸው ፕላን እያወጡ ነው፤ የከተማው ፕላን ስላላማከራቸው የራሳቸውን አወጡ።

የምኖርባት ከተማ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ስሟን አልጠራም። ብጠራው ጽሑፉ ስለ እገሌና ስለ እገሊት ይሆንብኛል፣ እኔ ደግሞ መድኃኒት ቤቴ እዚያው ነው፤ ነገ ሳል ሲይዛቸው ወደ እኔ ነው የሚመጡት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የከተማዋ ፕላን ሲከለስ "የነዋሪዎች ተወካይ" ተብዬ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ለምን እንደመረጡኝ ግልጽ ነው፤ ሱቄ አስፋልት ዳር ነው፣ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ሲፈልጉኝ አላስቸግርም።

ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ሕጉን ማንበብ ነበር። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረጅም አይደለም፣ ሻይ እየጠጡ ያልቃል። ከተማ ማለት ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመለት፣ ወይም 2,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ኖሮት ከሠራተኛው ግማሹ ከግብርና ውጭ ባለ ሥራ የሚተዳደርበት ቦታ ነው ይላል። የመዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማውን የመሬት አጠቃቀምና ዋና መንገዶች የሚያሳየው ፕላን፣ ዕድሜው አሥር ዓመት ነው። ፕላን ሲዘጋጅ የኅብረተሰቡ ተሳትፎ፣ ግልጽነትና ተጠያቂነት እንዲኖር ከመርሆቹ መካከል አስቀምጦታል፤ ረቂቁም ሳይጸድቅ ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። እንግዲህ ሕጉን የሚወቅስ ሰው ካለ አላነበበውም ማለት ነው። እኔ ያየሁት ችግር ሕጉ ውስጥ ሳይሆን የዘመን መቁጠሪያው ላይ ነው።

የእኛ ትልቁ የሕዝብ ውይይት የተጠራው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነበር። ለምን ሰኔ? የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ነው። ለውይይት የተያዘው ገንዘብ፣ የአዳራሹ፣ የውሃውና የለስላሳው፣ የባለሙያዎቹ ውሎ አበል፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልወጣ ይመለሳል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ትዝ ያላላቸው ሕዝብ ሰኔ ሲገባ በድንገት ይናፍቃቸዋል። በእኛ አገር ደግሞ ሰኔ ምን እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ዝናቡ የጀመረው ባለሙያው ሁለተኛውን ስላይድ ሲያሳይ ነው። የአዳራሹ ጣሪያ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ ማይክራፎኑ እያለ እንኳ የሚሰማው የፊተኛው ረድፍ ብቻ ነበር። የፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ደግሞ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ናቸው። ከኋላ የነበርነው ካርታውን በቀለሙ ተከታተልነው፦ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። ከሰዓት ላይ "በአብላጫ ድምፅ ተደግፏል" ተባለና አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ያኔ ያጨበጨብኩት ግን ዝናቡ ስላባራ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ማን እንደሌለ ለማየት ብዙ ዘመን መኖር አያስፈልግም። የከተማው ዳር ገበሬ የለም፤ ሰኔ ነው፣ ማሳው ላይ ነው። ተከራይ የለም፤ ጥሪው የሄደው በቤት ቁጥር ለባለ ይዞታ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚሠሩት ነርሶች፣ መምህራኑ፣ የባንክ ሠራተኞቹ፣ ባጃጅ የሚነዱት ልጆች አብዛኞቹ ተከራዮች ናቸው፤ ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጮኹትም እነሱ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን የሌሉት፣ ከተማዋን በገንዘባቸው የሚሠሯት ናቸው።

ይሄን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። የጉራጌ ከተሞች ሁለት ዓይነት ነዋሪ አላቸው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረውና ለመስቀል የሚመጣው። መስከረም 17 ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሚኒባስና አውቶቡስ ወንበር አይገኝለትም። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ሐዋሳ ሆቴል የከፈተው፣ ጅማ የሚነግደው ሁሉ ቤተሰቡን ጭኖ ይገባል። ለሙስሊሙ ደግሞ አረፋ እንደዚያው ነው። በእነዚያ ቀናት ክትፎ ብቻ አይበላም፤ የተጣላ ይታረቃል፣ ጋብቻ ይታሰባል፣ የወላጅ ቤት ይታደሳል፣ ቦታ ይገዛል፣ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ መዋጮ ይነሳል። ይሄ ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ በማዋጣት ወደ ትውልድ መንደራቸው መንገድ አስገብተዋል። መንግሥት ገና ሳያስበው የሃያና የሠላሳ ዓመት ዕቅድ ያሰቡ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች በሙሉ ከተማው ውስጥ የሚገኙበት ሳምንት እያለ፣ ውይይቱ የሚጠራው እነሱ በሌሉበት፣ ገበሬው በማይችልበትና ማንም በማይሰማበት ወር ነው። ይሄን ለኮሚቴው ሳነሳ "መስከረም ላይ በጀት ገና አይለቀቅም" አሉኝ። ይሄም እውነት ነው፤ አልዋሹኝም።

ሌላ ደግሞ አለ፣ ለመስቀልም ለአረፋም የማይመጣ። አንድ ምሽት ሱቄን ልዘጋ ስል ደንበኛዬ የሆኑ እናት ስልካቸውን ዘረጉልኝ፤ ልጃቸው ኩዌት ናት፣ በኢሞ እያወራች ነበር። "እህቴ፣ እናቴ ኮሚቴ ውስጥ ናት አለችኝ። ባለፈው ዓመት የገዛናት ቦታ ፕላኑ ላይ ምን ላይ እንዳረፈች ታይልኛለሽ?" አለችኝ። በነጋታው አየሁላት። የስድስት ዓመት ደመወዟ ያረፈው አረንጓዴው ላይ ነበር። ስነግራት ለአፍታ ዝም አለችና "አረንጓዴ ማለት ጥሩ ነው አይደል?" አለችኝ።

ቦታውን የገዛችው ከዳር ገበሬ ነው፤ በወረቀት፣ በሦስት ምስክር። የይዞታ ካርታ የለውም። እንዲህ ባለው ቦታ የሚቆመውን የጨረቃ ቤት እንለዋለን፣ ማዘጋጃ ቤቱም ሕገ ወጥ ግንባታ ይለዋል፤ በሕጉ ልክ ናቸው። ነገር ግን ልጅቷ በሊዝ ጨረታ ተወዳድራ የማሸነፍ አቅም የላትም፤ ገበሬውም ነገ በካሳ ሊለቅ ከሚችለው ቦታ ዛሬ ሸጦ ማትረፍን መረጠ። የከተማችን ዳር በዚህ መልክ ነው የሚሰፋው። ፕላን አውጪዎቹ ገበሬውንና ልጅቷን አንድ ቀን ቢያነጋግሩ ኖሮ፣ ከተማው በየት በኩል ሊሰፋ እንደሆነ ከድሮን ፎቶ ይልቅ ከእነሱ ይሰሙ ነበር። የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ እንኳ፣ ተነሺዎችን ቦታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ማወያየት ግዴታ ነው የሚል ድንጋጌ ነበረው። ለአንድ ፕሮጀክት አንድ ዓመት ካስፈለገ፣ ለአሥር ዓመት ፕላን ግማሽ ቀን እንዴት ይበቃል?

አሁን ወደ ጀፎረ ልግባ፤ ይሄን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። ጀፎረ በጉራጌ መንደሮች መሀል የሚያልፈው ሰፊው ሣራም መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ይሰለፋሉ፣ እንሰቱና ማሳው ከጀርባ ይሆናል። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። ሠርግ የሚደገሰው እዚያ ነው፣ ለቅሶ የሚደረገው እዚያ ነው፣ ደመራ የሚደመረው እዚያ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሽማግሌ ያስታርቅበታል። ስፋቱን ጎረቤት ለጎረቤት ይጠብቀዋል። አጥሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ያስጠጋ ሰው በሽማግሌ ይጠየቃል፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ የጆካ ቂጫ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ሲዳኝ የኖረ ነው። ማስተር ፕላን በማይታወቅበት ዘመን፣ ያለ ካርታና ያለ መሐንዲስ፣ ለገና ያልተወለደ ሰው የመንገድ ቦታ ተጠብቆ ኖሯል። የዛሬ መሐንዲሶች ለዋና መንገድ ቦታ ማስጠበቅ ሲያቅታቸው ሳይ፣ ይሄ እንዴት እንደተቻለ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ ለምን እንደማይገኝ ይገርመኛል።

ከተማችን ያደገችው የአንዱን ጀፎረ ጫፍ ይዛ ነው። በረቂቁ ላይ ያ ቦታ "ክፍት ቦታ" ተብሎ ተመልክቶ፣ ከፊሉ ለገበያ ማዕከል ታጭቷል። ባለሙያዎቹ ክፋት የላቸውም፤ ከሌላ ከተማ የመጡ ወጣቶች ናቸው፣ ከላይ በተነሳው ፎቶ ላይ ቤት የሌለበት ሰፊ ቦታ አዩ፣ ካሳ የማይከፈልበት ቦታ ደግሞ ለማንኛውም ፕላን አውጪ ገነት ነው። ቅሬታው ሲበዛ አንድ ቅዳሜ ቦታውን አብረን ልናይ ወጣን። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት፣ ቤታቸው ከጀፎረው ዳር ነው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆዩና ወጣቱን መሐንዲስ "ልጄ፣ ባዶ ነው አልክ?" አሉት። "ክፍት ነው ማለቴ ነው፣ አባባ።" "ባዶ ቢሆን ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ሳላጥረው የምቀር ይመስልሃል?" ሁላችንም ሳቅን። መሐንዲሱም ሳቀ፣ ከዚያ ግን ማስታወሻውን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ቀን በኋላ ሠርግ የት እንደሚተከል፣ አስከሬን በየት እንደሚያልፍ፣ በጥምቀት ታቦቱ በየት እንደሚወርድ፣ ሙስሊሞቹ ለዒድ ሶላት የት እንደሚሰበሰቡ፣ በበጋ ከብቱ የት ውሃ እንደሚጠጣ ሲጠይቅ ዋለ። በዚያች ቅዳሜ የተገኘው ነገር ከሰኔው ስብሰባ በብዙ ይበልጣል። ወጪው ደግሞ የሁለት ጀበና ቡና ነው።

በዚያው ዕለት ቡና የምትሸጥ ጎረቤታችን የጎርፉን ነገር አሳየችው። ካርታው ላይ የንግድ ቦታ በሆነው ቀይ ላይ፣ ነሐሴ ውስጥ ውሃ የሚወርድበት መስመር አለ፤ በበጋ የእግር መንገድ ነው የሚመስለው። በቤቷ ግድግዳ ላይ ጭቃው የደረሰበትን ምልክት እየነካች "እስከዚህ ነው፣ በየዓመቱ አይደለም፣ ግን ሲመጣ እስከዚህ ነው" አለችው። ይሄን የትኛውም ሳተላይት አይነግርህም።

እንዲህ ስል ግን ነዋሪ ሁሉ ጥበበኛ ነው፣ ባለሙያ ሁሉ ደንቆሮ ነው የሚል ወሬ ውስጥ መግባት አልፈልግም። "ነዋሪው ይጠየቅ" የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ነዋሪውን አንድ ሰው ያደርጉታል። የመናኸሪያው ጉዳይ ይሄን በደንብ አሳይቶናል።

አሮጌው መናኸሪያ ከተማው መሀል ነው፣ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት። ጠዋት ልጆች ሲገቡና አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲነዳ አንድ ላይ ነው። ረቂቁ መናኸሪያውን ከከተማው ወጣ አድርጎ አስቀመጠው። በዚህ ላይ ለመወያየት የተጠራው ስብሰባ ከሁሉ የሞቀ ነበር። የባጃጅ ማኅበሩ በሙሉ ድጋፍ ቆመ፤ ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፣ መንገደኛው ሁሉ ባጃጅ ሊይዝ ነው። አልጋ ቤት ያላቸው ተቃወሙ። ጫኝና አውራጁ ለሁለት ተከፈለ። ቦታው ወደ እሱ መሬት የቀረበለት አንድ ነጋዴ ስለ ትራፊክ ደኅንነት ያደረገው ንግግር እንባ ያስመጣ ነበር። ወላጆች ደገፉ። በረንዳ ላይ ሻይና አምባሻ የሚሸጡት ሴቶች ግን አልተናገሩም። አንዷን ወጥተን ስጠይቃት "እኔ ምን ልበል፣ ልጄም እዚያው ትምህርት ቤት ነው የሚማረው" አለችኝ።

እኔ መናኸሪያው መውጣት አለበት ባይ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ነገር ግን ለሻይ ሻጮቹ በአዲሱ ቦታ መጀመሪያ መደብ ይሰጣቸው የሚለው ሐሳብ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሮ፣ ከቃለ ጉባኤው ወደ ፕላኑ፣ ከፕላኑ ወደ በጀቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ቀረ። መደቦቹ ሲሠሩ በጨረታ ወጡ። ዛሬ ትልልቆቹ አውቶቡሶች አዲሱ ቦታ ይገባሉ፣ የወልቂጤ ሚኒባሶች ግን ጎህ ሲቀድ ከአሮጌው ቦታ ሰርቀው ይጭናሉ፤ ሻዩ ያለው እዚያ ነው፣ ተሳፋሪውም እዚያ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ ይበተናሉ፣ ሲሄድ ይመለሳሉ። ፕላኑ ትክክል ነበር፤ የተጠየቁት ሰዎች የተናገሩት መጨረሻ ላይ ስላልተቆጠረ ግን ግማሹ አልሠራም። ማወያየት የጨዋነት ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ኃላፊዎች አንድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መጥተው ቢያዩት ጥሩ ነው።

ስብሰባ በእኛ አገር ለምን እንዲህ እንደሆነ ሳስብ ወደ እናቴ ወሬ እመለሳለሁ። ቀበሌ የሚባለው ነገር የተወለደው በሐምሌ 1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሲሆን ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር ስሙ፤ ነዋሪው አካባቢውን ራሱ እንዲያስተዳድር ነበር የታሰበው። እናቴ የምታስታውሰው ግን የስም መጥሪያውን ነው። ስብሰባ የቀረ ሰው በኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና ሲደርስ ፊት ይነሱታል ትላለች። እንዲህ ያደገ ትውልድ ስብሰባ ሲጠራ የሚያስበው "ምን ልናገር?" ብሎ አይደለም፤ "ስሜ ተጽፏል?" ብሎ ነው። ልጆቹም ይሄን ወርሰዋል። አንድ ኃላፊ ሕዝቡ ዝም አለ ብሎ ሲያማርር፣ ዝምታው የሃምሳ ዓመት ሥልጠና ውጤት መሆኑን ማን ይንገረው?

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። የኮሪደር ልማት በ2016 አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ከተዛመተ ጀምሮ፣ የትንንሽ ከተማ ከንቲባም መንገድ ዳር መብራትና የእግረኛ ንጣፍ ማሳየት ይፈልጋል። መብራቱን አልጠላም፣ ማታ ሱቄን ስዘጋ ጠቅሞኛል። ግን የአሥር ዓመት ፕላን ያለው ከተማ፣ ፕላኑ ላይ ያልነበረ ነገር በሦስት ወር ውስጥ ሲሠራ ያየ ነዋሪ፣ በሚቀጥለው የፕላን ውይይት ላይ ለምን ይደክማል?

ያለ ውይይት የተሠራ ጥሩ ፕላን የለም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። አለ። ባሕር ዳር የሄደ ሰው ዘንባባ የተሰለፈባቸውን ሰፋፊ ጎዳናዎች አይቶ ያደንቃል፤ ንድፉ በንጉሡ ዘመን በጀርመን ባለሙያዎች የተሠራ ነው፣ ነዋሪ ሰብስቦ ማማከርም የዚያ ዘመን ልማድ አልነበረም። ያ ግን ከተማዋ ገና ትንሽ፣ ቦታው ሰፊ በነበረበት ጊዜ የሆነ ነው። ሰው በሞላበት ቦታ ነገሩ ሌላ ነው። በኅዳር 2008 ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለችው ጊንጪ፣ የተማሪዎች ተቃውሞ የተነሳው ከአንድ የኳስ ሜዳና ከአንድ ደን ጋር በተያያዘ ነበር። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላንን በመቃወም ቀድሞ ከተጀመረው ቁጣ ጋር ተገናኝቶ ተስፋፋ፣ ብዙ ሰው ሞተበት፣ ማስተር ፕላኑም በጥር 2008 ቀረ ተባለ። ምክንያቱ ፕላን ብቻ ነበር አልልም። ነገር ግን ካርታ ላይ ሲታይ ኢምንት የሚመስል የኳስ ሜዳ ለአንድ ትንሽ ከተማ ምን እንደሆነ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ እላለሁ፤ እኛም ጋ ያለው ጀፎረ የኳስ ሜዳ ነውና።

ስለ ቁጥርም አንድ ነገር ልበል። የረቂቁ ሰነድ ላይ የከተማችን ሕዝብ ከአሥር ዓመት በኋላ ስንት እንደሚሆን እስከ አንድ ሰው ድረስ ተሰልቶ ተቀምጧል። መነሻው የ1999 ቆጠራ ነው። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ቆጥራ አታውቅም፤ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላለፈ። ስለዚህ የዛሬው ሕዝብ ግምት ነው፣ የነገው የግምት ግምት ነው፣ የውሃ ቧንቧው ስፋትና የትምህርት ቤቱ ክፍል ብዛት ደግሞ በዚያ ላይ ይሰላል። በሌላ በኩል ግን እያንዳንዱ እድር የአባላቱን መዝገብ ይዟል፦ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ልጅ ወለደ፣ ማን ለቆ ሄደ። የከተማው እድሮች መዝገባቸውን አንድ ላይ ቢያመጡት ፍጹም አይሆንም፣ እድር ያልገባ ተከራይ ይቀራል፤ ግን ከአሮጌ ቆጠራ ላይ እየተባዛ ከሚመጣው ቁጥር እመርጠዋለሁ። ሐሳቡን ሳቀርብ ባለሙያው "ሳይንሳዊ አይደለም" አለኝ። መዝገቡን ግን ለራሱ ፎቶ አነሳው።

እድርን ያነሳሁት ለቁጥር ብቻ አይደለም። ነዋሪ የረጅም ጊዜ ነገር ማሰብ አይችልም፣ ዕለቱን ብቻ ነው የሚያየው የሚል አነጋገር በየስብሰባው እሰማለሁ። ይሄን የሚል ሰው በየወሩ ለገዛ ቀብሩ የሚያዋጣ መሆኑን ረስቶታል።

የኮብልስቶኑን ነገርም ያስታውስ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጀርመን የቴክኒክ እርዳታ ታግዞ በየከተማው ሲስፋፋ፣ በብዙ ቦታ ወጪው ከፊሉ በነዋሪው መዋጮ ነው የተሸፈነው። በእኛ ሰፈር ኮሚቴው የየቤቱን መዋጮ የሚያስቀምጥበት የባንክ ደብተር ቅጂ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ሰዎች እህል እስኪፈጭላቸው ያነቡታል። ጠቡ የተነሳው በገንዘቡ ሳይሆን በቦዩ ነበር፤ ቦዩ በግራ ይሁን በቀኝ ለሚለው ሁለት ወር ተከራከርን። አንዳንዶች ጊዜ ማባከን ነው አሉ። እኔ ግን ያን ያህል ሰው ስለ ውሃ ፍሰት፣ ስለ ቁልቁለት፣ ስለ ታችኛው ሰፈር ሰዎች ግድግዳ በቁም ነገር ሲከራከር ሌላ ቦታ አላየሁም። የተከራከሩት ውጤቱ በእነሱ ክርክር እንደሚለወጥ ስላወቁ ነው። ቦዩ በቀኝ ሆነ፤ ዛሬም ይሠራል።

የጀፎረው ነገር እንዴት ሆነ ላላችሁ፣ የገበያ ማዕከሉ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ጀፎረው ግን "አረንጓዴ" ተብሎ ቀረ። ይሄ ግማሽ ድል ነው። አረንጓዴ የተባለ ቦታ በሚቀጥለው ክለሳ ሌላ ቀለም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ከንቲባ መናፈሻ ብሎ ሊያጥረው፣ ሌላው ለመዋዕለ ንዋይ ሊሰጠው ይችላል። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ድንበሩ በእነሱ ፊት ተለክቶ፣ በስሙ ተመዝግቦ፣ ጠባቂው ማን እንደሆነ ተጽፎ እንዲቀመጥ ነበር። "ጀፎረ የሚባል የመሬት አጠቃቀም መደብ በስታንዳርዱ ውስጥ የለም" ተባሉ።

ፕላኑ በቅርቡ እንደገና ይታያል እየተባለ ነው። ዘንድሮ እድሮቹ ቀድመው ደብዳቤ አስገብተዋል። የጠየቁት ብዙ አይደለም፦ የመጀመሪያው ውይይት በመስቀል ሰሞን ይሁን፣ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ጀፎረው ላይ ይሁን፣ ካርታው ወር ሙሉ ወፍጮ ቤቱና መስጊዱ አጠገብ ይለጠፍ፣ ሰው ያለው ሁሉ ተጽፎ ከጎኑ "ተቀብለናል" ወይም "አልተቀበልንም፣ ምክንያቱም" ተብሎ መልስ ይሰጥበት። የመጨረሻው ነው ያከራከረው። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሐሳቡን አልጠላም፣ "ይሄን ሁሉ አትሞ ለመለጠፍ ግን ወረቀትም ቀለምም የለንም" አለ። የእኛ እድር ዳኛ ወረቀቱን እኛ እንገዛለን አሉ። ባለፈው እሑድ ለአባላቱ ሲቀርብ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡና የእድር ገንዘብ ለሞት ነው እንጂ ለማዘጋጃ ቤት ወረቀት መግዣ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ነገሩ ለሚቀጥለው እሑድ አድሯል።